ወይባ የጨሰበት ክረምት

ሸሕዲ መናኸሪያ፣ የመተማው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆሜ ሳለ የወይባ ጢስ ሸተተኝ። ዘወር ብል ከመንገዱ ማዶ አዲስ የውበት ሳሎን ተከፍቷል፤ በሩ ላይ «ስቲም፣ ሳውና፣ ወይባ። ለሙሽሮች ልዩ ቅናሽ አለን» የሚል ተለጥፏል። ድሮ ሴት በጓዳዋ ጉድጓድ ምሳ፣ የወይባ ፍልጥ አጭሳ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ለባሏ ብላ የምትቀመጥበት ነገር ዛሬ ወረፋ ተይዞለትና ሙዚቃ ተከፍቶለት ይሸጣል። ሥልጣኔ ማለት የጓዳን ነገር አደባባይ አውጥቶ ዋጋ መለጠፍ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ጽፌ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሽታ ግን ክርክር አያውቅም። ወያላው «አባት፣ ይግቡ እንጂ፣ እርስዎን ነው የምንጠብቀው» ባይለኝ ኖሮ እዚያው ፈዝዤ እቀር ነበር። አባት የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ገና አልለመድኩትም።

የምሄደው ለእትዬ የሺ ሙት ዓመት ነበር። እትዬ የሺ በወጣትነቴ መተማ ዮሐንስ መምህር ሆኜ ስመደብ ቤት ያከራዩኝ ሴት ናቸው። ከጭልጋ ደጋ ከባላቸው ጋር ወርደው፣ ጫካ መንጥረው ሰሊጥ የዘሩ፣ ባላቸው ካረፉም በኋላ የትራክተር ሾፌር እየተቆጡ የሚያሳርሱ ሰው ነበሩ። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልናገርም። መንግሥታቱንም አልጠራም፤ ስማቸውን እየቀየሩ ስለሚመለሱ መጥራቱ ትርፍ የለውም። የማስታውሰው ሌላ ነው። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ስኳሩ ግማሽ ብርጭቆ ይሞላል። ከሱዳን ጋር ወደሚያገናኘን ድልድይ መውረጃ ማዕዘኑ ላይ ካሴት የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ነበረ። ከዚያ ሱቅ የሚወጣውን የሱዳን ዘፈን የሰሊጥ ጫኝ ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው ይሰሙት ነበር፤ ቃሉ የማይገባኝ እኔም ከነሱ ጋር ቆሜ እተክዝ ነበር። ሱዳኖቹ ነጭ ጀለቢያ፣ ሴቶቻቸው ነፋስ የሚጫወትበት ባለ ቀለም ቶብ ይለብሳሉ። ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ። እኛ መምህራን ደግሞ በዚያ እሳት በሚወርድበት አገር ኮት እንለብስ ነበር። የተማረ ሰው ሲሞቀው አይታይም ብለን መሰለኝ።

በዚያን ጊዜ በእነሱ መንግሥት የተኮረፈ ድልድዩን ተሻግሮ እኛ ጋ ይኖራል፤ በእኛ የተኮረፈ እነሱ ጋ። ሁለቱም መንግሥታት ከድልድዩ ማዶ የወገናቸውን ወሬ የሚለቅም ሰው ያቆማሉ። እኔ የስለላ ልብ ወለድ ለጤና ከሚበቃው በላይ አንብቤአለሁ። ሁሉም የሚዋሹት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሰላይ አይታወቅም ይላሉ። መተማ ላይ ሰላይ እንደ ወጌሻ ነው፣ ቤቱን ማንም ያሳይሃል። የማዶው ጆሮ ዑስማን ነበር። ጨርቅ፣ ሳሙናና ሽቶ ይሸጣል። ሰው ሲያልፍ ወንበር ይስባል፣ ሻይ ያዝዛል፣ የእናትህን ጤና ከልቡ ይጠይቅሃል። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ስል የሚቆጣ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፣ ይቆጣ። ሚስቱ አዋጢፍ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ረጅም ሴት ነበረች።

ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ደግሞ ኢድሪስና ነፊሳ ነበሩ። ኢድሪስ በአገሩ ጠበቃ ነበር፤ ማንን ምን ብሎ እንዳስቀየመ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ድልድዩን ሲሻገር ይዞት የመጣው ንብረት ነፊሳንና በእንግሊዝኛ የስለላ ልብ ወለድ የተሞላ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ያውሰኝ ነበር። የአንዳንዱን መጨረሻ ምስጥ በልቶታል። «ያ ኡስታዝ፣ አትጨነቅ» ይለኝ ነበር እየሳቀ፣ «መጨረሻ ላይ ከዳተኛዋ ሁልጊዜ ሚስቱ ናት።» በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ባልና ሚስትን የሚያፈርሳቸው ምስጢር ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት የተገላቢጦሹን ነው።

አንድ የበጋ ጧት ኢድሪስ ሻንጣ ይዞ ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ። ነፊሳ መናኸሪያው መሐል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጥሏት ሄደ ተባለ። ዑስማንም መጥቶ አጽናናት። ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺ ወደ ክፍሌ ብቅ አሉና፣

«ከዘር ማከማቻው ሳል ብትሰማ፣ እኔ ነኝ የሳልኩት» አሉኝ።

«እርስዎ ግን እዚህ ነዎት።»

«እኔ ነኝ የሳልኩት ነው ያልኩህ። ገባህ?»

ገባኝ። ኢድሪስ መንገድ ላይ፣ ኮኪት ወርዶ፣ ባዶውን ወደ መተማ በሚመለስ የጭነት መኪና፣ ሸራ ሥር ተኝቶ ተመልሶ ነበር። ከማዶ እሱን የሚጠይቁ ሰዎች መጥተዋል የሚል ወሬ ደርሶታል፤ ሄዷል ከተባለ ፍለጋው ይበርዳል ብለው ነው። አንድ ዘመዱ መኪና ይዞ እስኪመጣለት በግቢው ጀርባ በዘር ማከማቻው፣ በጆንያ መሐል ይቀመጣል። ዘመዱ ግን ዛሬ ነገ ሲል በጋው አለቀ። ዝናቡ መጣ፤ ጎርፉ ከኮኪት ወዲህ ያለውን መንገድ ቆረጠው፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ እንኳን ጎማ እግር የማይለቅ ሆነ። ነፊሳ ያን ሁሉ ወራት ባል የሌላት ሴት ሆና ኖረች። ሥጋ ስትገዛ ለአንድ ሰው ትገዛለች። ሂና አትቀባም፣ ሽቶ አትነካም። የተከዘ ቀለም ካለው ከአንድ ቶብ በስተቀር ለብሳ አትወጣም። ከመጻሕፍቱ ሰላዮች ሁሉ የበለጠች ሰላይ ነበረች፤ የምትሰልለው የራሷን ትዳር ለማዳን መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ከነፊሳ ክፍል ጢስ ወጣ። ደስ የሚል፣ ትንሽ ጎምዘዝ የሚል ጢስ። እትዬ የሺ በረንዳው ላይ ባሚያ ይቀነጥሱ ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ሞኝነት» አሉ። ባሚያውን አስቀምጠው ሲነሡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሞኝነት ነው የሚቃጠለው።»

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቀዬ ወይባ የአራስ ነው። ቆላ ላይ፣ በተለይ በሱዳን ሴቶች ዘንድ፣ ወይባ የምትሞቅ ባሏ ቤት ያለ ሴት ናት። ባል የሞተባት ወይም የራቃት ሴት አትሞቅም፤ ብትሞቅ ያሳማታል። ሽታው ከአንድ ግቢ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ፣ አፍንጫ ያለው ሁሉ፣ የዚያች ቤት ባል መኖሩን ያውቃል። እትዬ የሺ የነፊሳን በር በርግደው ሲገቡ ሁሉም በግድግዳው ይሰማኝ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«እትዬ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸቻለሽ አለኝ።»

«ታዲያ ሽንኩርት የሸተተ ሰው ሞተ?»

«ባል የለኝም፣ ባል የለኝም ስል» አለች ነፊሳ በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ፣ «እውነት ሊሆን ነው። እሱ ረሳኝ። እኔም ረሳሁ፣ ወላሂ።»

 እትዬ የሺ «በይ ጉድጓዱን ድፈኚ» ብቻ ብለው ወጡ። በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደው ለጎረቤታቸው እየጮኹ፣ «ኧረ ይሄ ቁርጥማት ገደለኝ! ወይባ ብሞቅበት ይሻለኝ እንደሁ ብዬ አጨስኩ!» አሉ።

«እርስዎ? ወይባ?» አለች ጎረቤቲቱ ሳቋ እያመለጣት። «ለማን ብለው ነው?»

«ለጉልበቴ! ለማን መሰለሽ?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ እትዬ የሺ ሊያገቡ ነው የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ። ያን ጊዜ ጠጉራቸው ሸብቶ ነበር። ቀልዱን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ጠጡት። ስሟን የምታከብር ሴት ስሟን እንደ አሮጌ ነጠላ አውልቃ ለሌላ ሰው ስትደርብ ሌላ ጊዜ አላየሁም። ነገሩ የገባቸው የሰፈር ሴቶችም በማግሥቱ በየቤታቸው አጨሱ፤ ማን እንዳዘዛቸው አላውቅም። ያ ሳምንት ባሎቻቸው ምክንያቱን ሳይጠይቁ በጊዜ ቤታቸው የገቡበት፣ ደስ ብሏቸው የሰነበቱበት ሳምንት ነው።

አየሩን በዚህ ሸፈኑት። ቆዳ ግን አይሸፈንም። ወይባ የሞቀች ሴት ገላዋ ወርቅማ ይሆናል፣ ሽታው ለቀናት አይለቃትም። በሦስተኛው ቀን አዋጢፍ ለጥየቃ መጣች። የሱዳን ሴቶች ሲገናኙ እጅ ትከሻ ላይ አድርገው አንገት ለአንገት ይተቃቀፋሉ። አዋጢፍ እንደዚያ አቀፈቻትና ከወትሮው ቆየች። ስትለቃት ሳቋ አልነበረም። «ነፊሳ፣ ቆዳሽ እንዴት አማረ» አለች። ሻይዋን ጠጣች፤ ስለ ዝናቡ አወራች፤ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የኢድሪስ ነፍስ የተንጠለጠለችው በአንድ ባልና ሚስት ትራስ ላይ ነበር። እኔ ያነበብኩትን ሁሉ አስታውሼ ዘዴ አቀረብኩ፤ የሐሰት ጺም፣ የሌሊት ጉዞ፣ ሌላም። እትዬ የሺ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ይሄ መጽሐፍህ ዝናብ ያቆማል?» አሉ። አያቆምም አልኩ። «እንግዲያ አስቀምጠው።» ቀጥለውም፣ «ባልና ሚስት ትራስ ላይ ነው የሚያወሩት። የተኳረፈ ግን አያወራም» አሉ። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ሄደው ተራ ሲጠብቁ፣ ዑስማን ገዳሪፍ ላይ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ቤት እያሠራ ነው አሉ ብለው ጣል አደረጉ። የአዋጢፍ ጎረቤት እዚያው ነበረች፤ ለዚህም ነው ያን ቀን የመረጡት።

ሠራ። ዑስማን ጧትም ማታም ገበያ ፉል ሲበላ መታየት ጀመረ። ፊቱ ጠቆረ፤ ለመንገደኛ ወንበር መሳብ ተወ። በእኛ ግቢ ግን ደስታ ሆነ። ኢድሪስ በጆንያዎቹ መሐል ሲስቅ ሰማሁት። እትዬ የሺ በየቀኑ «ዛሬም ፉል በላ?» ይሉኛል። «በላ» ስላቸው «ተመስገን» ይላሉ። ምግባረ መልካም አንባቢ ይፍረድብን፤ በሰው ጠብ እንጀራ የምንበላ ሆነን ነበር። የምንጠብቀው ዝናቡ እስኪያቆምና መንገዱ እስኪጠገን ብቻ ነው።

የረሳነው ያለንበትን አገር ነው። መጽሐፍ ላይ ባልና ሚስት ቢኳረፉ ማንም አይገባበትም፤ ምዕራፍ ሙሉ ይኳረፋሉ። እኛ ዘንድ ግን ጎረቤት አለ። አንድ እሑድ ጧት አንድ ሽማግሌ ቄስና አንድ ሽማግሌ ሼህ፣ አንዱን ጃንጥላ ተጋርተው፣ ጭቃውን እየረገጡ ወደ ግቢያችን ገቡ።

«የሺ፣ ተነሽ» አሉ ቄሱ ገና ሳይቀመጡ። «ዑስማንንና ሚስቱን ልናስታርቅ ነው። የሴት ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ አዋጢፍ አንቺን ታከብርሻለች።»

«ትንሽ ይኳረፉ እንጂ!» አሉ እትዬ የሺ። «ምን አስቸኮላችሁ?»

«ይኳረፉ?» ሼሁ ቄሱን አዩዋቸው።

«ማለቴ ትንሽ ይብረድላቸው። የሞቀ ነገር አይነካም።»

«አንቺ ሴት» አሉ ቄሱ፣ «ትናንት ወይባ ስትሞቂ ለቁርጥማት ነው ብለን ዝም አልን። ዛሬ ደግሞ በዕርቅ ላይ ትቆሚያለሽ? ምን ነካሽ?»

ሼሁ ለስለስ ብለው፣ «የሰው አገር ሰዎች ናቸው፣ የሺ። ዘመድ የላቸውም። እኛ ካላስታረቅናቸው ማን ያስታርቃቸው?» አሉ።

  እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጣፉ። ጃንጥላ የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ። ዑስማን ቁርኣን መትቶ ማለ፤ ሊያገባ አስቦ አያውቅም። አዋጢፍ እያለቀሰች «ማን እንዳወራብን ባወቅሁ» አለች። እትዬ የሺ ወለሉን ያዩ ነበር። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ «ቤታችሁ የሰላም፣ ጨዋታችሁ የፍቅር ይሁን» ብለው መረቁ። ሁሉም እትዬ የሺን ጠበቁ።

«አሜን» አሉ። ከዚያ ቤት ስንወጣ ክንዴን ይዘው ነበር፤ ክብደታቸው ሁሉ ክንዴ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከዑስማን ግቢ የወይባ ጢስ ተነሣ። ዝናብ ስላልነበረ ጢሱ ሳይበተን በጣሪያዎቹ ላይ ዝቅ ብሎ ወደ እኛ መጣ። የዕርቅ ጢስ ነው፤ እንደዚያ ያማረ ሽታ ሸትቶኝ አያውቅም። ነፊሳ ልብስ ከምታጥብበት ቀና አለች። እትዬ የሺ ቀና አሉ። የዘር ማከማቻው በር ተከፈተና ኢድሪስ በጠራራው ፀሐይ ዓይኑን እያጨናበሰ ወጣ። እንዲያ ከስቶ አላሰብኩትም ነበር። አየሩን አንድ ጊዜ ስቦ «ኸላስ» አለ፤ አለቀ ማለት ነው። «ዛሬ ታወራለች።»

በማግሥቱ ጧት ወደ ሽንፋ በኩል ለአረም የሚሄዱ የጉልበት ሠራተኞች በግቢያችን በር ሲያልፉ አንድ ረጅም ሰው ተቀላቀላቸው። ቁምጣው የእትዬ የሺ ሟች ባል ነበር፤ ኮንጎው የእኔ። ጀሪካን በትከሻው አንጠልጥሏል። ሐሳቡ በእርሻዎቹ በኩል ዞሮ፣ ከተቆረጠው መንገድ ወዲያ ሸሕዲ ላይ መኪና ማግኘት ነው። እትዬ የሺ «እጅህን ደብቅ፤ እንዲህ ያለ እጅ አረም ነቅሎ አያውቅም» አሉት። ሳቀ። ነፊሳ አልሸኘችውም፤ ባል የሌላት ሴት ማንን ትሸኛለች? ሰፌድ ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ ሰፌዱ ላይ ምንም አልነበረም። በዚያው ቀን ዝናቡ ተመለሰ፤ የሽንፋ ወንዝ ሞላ ተባለ። ሸሕዲ መድረሱን ያየ ሰው አልተገኘም። አንድ ሾፌር ጎንደር አየሁት አለ፤ ሌላው ውኃው የወሰደው ሰው አለ አለ። ሁለቱም መልኩን ሲናገሩ ሌላ ሰው ነበር የሚገልጹት።

ወደ ግቢያችንም ማንም አልመጣም። በዚያ ሳምንት አልመጣም፤ በወሩም። ዑስማን ሱቁ ፊት ወንበር እየሳበ «ነፊሳ እንዴት ናት? ኢድሪስ ላከባት?» ይለኝ ነበር። ተንኮሉ ነው አልን። ዝናቡ ሲያባራ የኢድሪስ ዘመድ መኪናውን ይዞ መጣ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሚኒባሱ መተማ ደረሰ። ካሴት ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። እትዬ የሺ ግቢ ዳስ ተጥሏል። ነፊሳ እንደ ልጅ ወገቧን አስራ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ እትዬ የሺ እስከ ዕለተ ሞታቸው አብራቸው ኖራለች። አርጅታለች። የተከዘ ቀለም ካለው ቶብ ሌላ ለብሳ አላየኋትም። ከእኔ ጋር ስንገናኝ ስለ ኢድሪስ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቢቆይ ይይዙት ነበር፤ መሄዱ ነው የሻለው።» እኔም «እንዴታ» እላታለሁ።

ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ በተሠራው ማዕድ በኩል አንዲት ረጅም አሮጊት ቆማ ዳሱን ታያለች። ማዶ እሳት ከተነሣ ወዲህ ድልድዩን ተሻግረው ከመጡት አንዷ ናት። ያወቅኋት በቁመቷ ነው፤ ሳቋ ቀድሞ አልገባም። አዋጢፍ።

«ኡስታዝ! ሸብተሃል» አለችኝ። ዑስማን እንዴት ነው አልኳት። «ገዳሪፍ አግብቶ እዚያው ሞተ። ያኔ የተወራው ለካ እውነት ነበር!» አለችና በመጨረሻም ሳቀች። እትዬ የሺ ነቢይ ነበሩ ልል ስል ነፊሳ ሰሐን ይዛ መጣች። ሁለቱ ተያዩ። ሰሐኑን ተቀብዬ ቆምኩ፤ ሌላ ላደርገው የምችለው አልነበረም። አዋጢፍ እንደ ጥንቱ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አንገት ለአንገት አቀፈቻት። ቆየች።

«ነፊሳ» አለች ሳትለቃት፣ «ኢድሪስን ለምን ሰደዳችሁት? ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ እኮ አልተናገርኩም።»

የነፊሳ እጅ ከአዋጢፍ ትከሻ ወረደ።

«ያን ቀን አንገትሽን ሳሸት ገባኝ። ለዑስማን ምን ብዬ ልንገረው? ባሏ ናፍቋት ወይባ ሞቀች ብዬ? እኔም ሴት ነኝ። ስንታረቅም የሞቅኩት ለባሌ ነው። ለሌላ ነገር አልነበረም። ወላሂ አልተናገርኩም፣ አንድ ቃል።»

ነፊሳ ቀስ ብላ ከእቅፏ ወጣች። ፊቷን አየሁት፤ አለማየት ይሻለኝ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። እንዴታ የምላት ነገር እንደሌለኝ ስታውቅ መልሳ ወደ አዋጢፍ ዞረች።

«ብትናገሪ ይሻለኝ ነበር» አለች።

 ነፊሳ ጥቂት ቆማ ማዕዱን አየችና የእጅ ውኃና ሳፋ አመጣች፤ ለእንግዳ የሚደረግ ነውና። አዋጢፍ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ነፊሳ ጎንበስ ብላ አፈሰሰችላት፤ ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን አላቆመችም፣ አዋጢፍም እጇን አልሰበሰበችም።